ወንድሜ የጫነልኝ ሊኑክስ ሥራዬን እያጓተተብኝ ነው፤ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው፤ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ የውል ወረቀት፣ ሲቪ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እተይባለሁ። በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም ያለው ሰውም እኔ ጋ ይመጣል። እናቴንም ራሴንም የማስተዳድረው በዚህች ሱቅ ነው።

የምሠራበት ኮምፒውተር ከሰው እጅ የገዛሁት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፦ ኮር ቱ ዱዮ ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋ ራም፣ 320 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። በፊት ዊንዶውስ 7 ነበረው። ያን ጊዜ የፍላሽ ቫይረስ ፈጅቶኝ ነበር። አንዱ ደንበኛ ይዞት የመጣው ለሌላው ይተላለፋል፣ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል፣ ወቀሳው እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። አምና ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ አንድ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ዊንዶውስን አንስቶ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ነጻ የሊኑክስ ሲስተም ጫነልኝ። የቫይረሱ ጣጣ በዚያው አበቃ። ወንድሜም ይኮራበታል፤ ጓደኞቹን ይዞ ይመጣና «የእህቴ ሱቅ የሚሠራው በሊኑክስ ነው» ይላቸዋል።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን አብርቼ፣ ሱቁን ጠርጌ፣ ወልውዬ ስመለስ ገና እየተነሳ ነው። አንድ ደብዳቤ ብቻ ስተይብ ደህና ይሠራል። ደብዳቤው ተከፍቶ እያለ ፋየርፎክስን ከነካሁ ግን ማውዙ ራሱ አልንቀሳቀስ ይላል። ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ በርታ ትቀራለች፤ ከውስጥ የመቆርጠም የሚመስል ድምፅ ይሰማል። አንዳንዴ ደግሞ ፋየርፎክስ ሳላዘው ራሱ ይዘጋል። በቀደም የአንዲት ተማሪ የምዝገባ ፎርም እየሞላሁ ሁለት ጊዜ ተዘጋብኝና «ተይው እህቴ፣ ሌላ ቦታ ልሞክር» ብላኝ ሄደች። በጣም አፈርኩ።

ሰሞኑን እቁብ ደርሶኛል። ገንዘቡን ያሰብኩት ለከለር ፕሪንተር ነበር። አክስቴ «ፕሪንተሩ ይቆይ፣ አዲስ ላፕቶፕ ግዢ» ትለኛለች። ጎረቤቴ የሆነው የኮምፒውተር ጠጋኝ ደግሞ «ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ 10 ልጫንልሽ፣ በአንድ ቀን ይገላገልሻል» ይላል። ለወንድሜ ምንም አልነገርኩትም። «እንዴት ነው፣ ይሠራል?» ባለኝ ቁጥር «አሪፍ ነው» እለዋለሁ። ቅስሙን መስበር አልፈልግም። ግን እየከሰርኩ ነው። ምን ይሻለኛል?

ሰ.፣ ከጅማ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የተጨነቅሽበት ነገር ሁለት ሆኖ ሳለ አንድ ላይ ተጠላልፎብሻል፦ አንደኛው ማሽኑ ነው፣ ሁለተኛው ወንድምሽ። ማሽኑ ተንቀራፈፈ ማለት ወንድምሽ አበላሸ ማለት እየመሰለሽ ነው ዝም ያልሽው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን እንይ፤ ለወንድምሽ የምትነግሪው ነገር ከዚያ ውስጥ ይወጣል።

የጻፍሽልኝ ምልክት ብዙ ሰው ከሚጽፍልኝ የተሻለ ነው። «ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው» ብለሽ ብቻ አልተውሽውም። አንድ ሥራ ሲሆን ደህና፣ ሁለት ሲሆን ስታክ ያደርጋል ብለሻል፤ የፊት መብራቷ በርታ ትቀራለች ብለሻል፤ ድምፁንም ነግረሽኛል። ያቺ መብራት የሃርድ ዲስኩ ናት። ሳታቋርጥ በራች ማለት ዲስኩ ፋታ አጥቷል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ደክሞ ቢሆን ኖሮ የምትሰሚው የማራገቢያውን ጩኸት እንጂ የዲስክ መቆርጠም አይሆንም ነበር።

ምን እየሆነ እንደሆነ ልንገርሽ። የሱቅሽን ጠረጴዛ አስቢው፤ ጠባብ ነው። የአንድ ደንበኛ ወረቀት ሲዘረጋበት ይበቃል። የሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን አንስተሽ ጓዳ ታስገቢያለሽ፤ የመጀመሪያው ሲጠይቅሽ የሁለተኛውን አስገብተሽ ያንን ታወጫለሽ። ቀኑ የሚያልቀው በመተየብ ሳይሆን ጓዳ በመመላለስ ነው። ጠረጴዛው ራም ነው፣ ጓዳው ሃርድ ዲስክ። ራም ሲሞላ ሊኑክስ ለጊዜው የማይፈልገውን ወደ ዲስክ ያሻግረዋል፤ ይህን ስዋፕ ይሉታል። ችግሩ ዲስኩ የሚሽከረከር ብረት መሆኑ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር የዴስክቶፕ ዲስክ እንኳን የተበታተነ መረጃ ሲፈልግ፣ መርፌው ቦታው እስኪደርስና ብረቱ ዞሮ እስኪመጣለት ድረስ ለያንዳንዱ ፍለጋ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ያባክናል። በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል እንኳን መመላለስ አይችልም። ፋየርፎክስ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ፍለጋ ነው የሚያዝዘው። ማውዝሽ የሚደርቀው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ቁጥሩን አስቢው። የኡቡንቱ አዘጋጆች ለ22.04 ዴስክቶፕ የሚመክሩት ራም 4 ጊጋ ነው፤ ያንቺ 2 ነው። ኡቡንቱ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ጂኖም የሚባለው ገጽታ ያማረ ነው፣ ግን ከባድ ነው። አንቺ ገና ምንም ሳትከፍቺ ከራምሽ ግማሽ ያህሉን ይዞ ይጠብቅሻል። ፋየርፎክስ ሳታዢው የሚዘጋውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ራም ሲጨናነቅ ከባዱን ፕሮግራም መርጦ የሚዘጋ ጠባቂ አስገብቷል። ሐሳቡ መላው ኮምፒውተር ከሚደርቅ አንድ ፕሮግራም ይሠዋ ነው። የተማሪዋን ፎርም ሁለት ጊዜ የበላብሽ ያ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠባቂውን ማጥፋት ይቻላል፣ ግን አልመክርሽም። እሱ ሲጠፋ ፋየርፎክስ ብቻ ሳይሆን እየተየብሽው ያለው ውልም አብሮ ይደርቃል። መጥፋት ያለበት መጨናነቁ ነው።

ይህን ሁሉ በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሲረጋጋ፣ ምንም ነገር ሳትከፍቺ ሲስተም ሞኒተር የሚለውን ክፈቺና ሪሶርስስ የሚለውን ገጽ ተመልከቺ። ሜሞሪ እና ስዋፕ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ጻፊያቸው። ከዚያ ደብዳቤ ክፈቺ፣ እንደገና ጻፊ። ከዚያ ፋየርፎክስን ክፈቺና ሁልጊዜ ፎርም የምትሞይበትን ገጽ አስገቢ፣ ጻፊ። ስታክ ባደረገበት ሰዓት ሜሞሪው ሞልቶ የስዋፑ ቁጥር ሲወጣ ካየሽ ግምቴ ልክ ነው። ሜሞሪው ገና ሰፊ ሆኖ ስታክ ካደረገ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ያን ጊዜ የምጠረጥረው ዲስኩን ራሱን ነው። ያቺ ወረቀት ትጠቅምሻለች፤ ለወንድምሽም የምታሳዪው እሷን ነው።

ዲስኩን ካነሳን አይቀር፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የደንበኞችሽን ፋይል፣ የራስሽን የደብዳቤና የውል ናሙናዎች በሙሉ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ወደ ትልቅ ፍላሽ ገልብጪ። የመቆርጠም ድምፅ አንዳንዴ የሥራ ብዛት ነው፣ አንዳንዴ ግን ዲስኩ ሊሞት መሆኑን መናገሩ ነው። ኡቡንቱ ላይ ዲስክስ የሚባል ፕሮግራም አብሮ ተጭኗል። እሱን ከፍተሽ ሃርድ ዲስኩን ስትመርጪ፣ ከላይ ባለው ማውጫ ውስጥ ስማርት ዳታ የሚል ታገኛለሽ። እዚያ ከሚደረደሩት መስመሮች መካከል ሪአሎኬትድ ሴክተር እና ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉትን ፈልጊ። ዜሮ ከሆኑ ጥሩ ነው። ቁጥር ካላቸው፣ ይልቁንም ከሳምንት ሳምንት የሚጨምር ከሆነ፣ ዲስኩ እየተበላ ነውና ሌላውን ምክሬን ሁሉ ትተሽ ዲስክ ቀይሪ።

የጎረቤትሽን ሐሳብም አልናቅሁትም፣ ሊረዳሽ ፈልጎ ነው። ግን አስቢው፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያንቺን ዓይነት ፕሮሰሰር አይቀበልም። ኮር ቱ ዱዮ የመጣው በፈረንጆቹ 2006 ነው፤ የዊንዶውስ 11 ዝርዝር የሚጀምረው ከዚያ በብዙ ዓመት በኋላ ከወጡት ነው። ስለዚህ የሚጫንልሽ ድጋፉ ያበቃ፣ ምናልባትም ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ነው፤ በቀን ስንት የማታውቂው ፍላሽ በሚሰካበት ሱቅ ውስጥ። ያስለቀሰሽ የሾርትከት ቫይረስ ተመልሶ ይመጣል። በ2 ጊጋ ራምና በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 10ም ቢሆን አይሮጥልሽም፤ ጠረጴዛው ያው ጠባቡ ጠረጴዛ ነው። ፎርማት ደግሞ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ይህ ሁሉ ወንድምሽ ሳያውቅ ሲደረግ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘብ ከማያስወጣው ልጀምር፤ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሰጥተሽ እንድታነቢው የምፈልገው ይህን ነው።

ጂኖምን መተው ትችያለሽ፣ ኡቡንቱን ሳትተዪ። ሊኑክስ ላይ የምታይው ገጽታና ከሥሩ ያለው ሲስተም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ገጽታውን ቀይረሽ ፋይሎችሽን፣ ፕሪንተርሽን፣ ፕሮግራሞችሽን እንዳሉ ማቆየት ይቻላል። ለእንዲህ ያለ ማሽን የምመርጥልሽ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ነው። ቀላል ነው፣ ራም አይበላም፣ ታች ወይም ላይ ማውጫ ያለው ስለሆነ ዊንዶውስ 7 ለለመደ እጅ አያስቸግርም። ኤልኤክስኪውቲ ከዚህም ይቀልላል የሚሉ አሉ፤ ልዩነቱ ግን ለአንቺ የሚሰማ አይመስለኝም፣ ኤክስኤፍሲኢ ይበቃሻል። ወንድምሽ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በአንድ ትእዛዝ ይጭነዋል። ከተጫነ በኋላ ስምሽን መርጠሽ የይለፍ ቃል በምታስገቢበት ገጽ ላይ ከታች በስተቀኝ ትንሽ የጥርስ ጎማ ምልክት ትመጣለች፤ እሷን ጠቅ አድርገሽ ኤክስኤፍሲኢን ትመርጫለሽ። ካልተመቸሽ በማግስቱ በዚያችው ምልክት ወደ ጂኖም መመለስ ትችያለሽ። የሚጠፋ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማውቀው እንቅፋት አለ፣ ላንቺ ሥራ ወሳኝ ነው። ገጽታው ሲቀየር የአማርኛው መተየቢያ ብዙ ጊዜ አብሮ አይነሳም። አይባስ የሚባለው ፕሮግራም ነው አማርኛውን የሚያስተይብሽ፤ ጂኖም ራሱ ያስነሳዋል፣ ኤክስኤፍሲኢ ላይ ግን ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ መታዘዝ ሊኖርበት ይችላል። የአፋን ኦሮሞው ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ አያስቸግርም፤ አማርኛው ግን ደንበኛ ፊት ቆሞ «ሀ» ስትይ «h» ዓይነት ባዕድ ፊደል ቢወጣብሽ ትደነግጫለሽ። ስለዚህ ለውጡ በእሁድ ይደረግ፣ ሱቁ ሳይከፈት አንድ ሙሉ ገጽ በአማርኛ ተይበሽ፣ አንድ ገጽ በአፋን ኦሮሞ ተይበሽ፣ ሁለቱንም አትመሽ እዪ።

ከዚያ ፋየርፎክስ። በኡቡንቱ 22.04 የሚመጣው ፋየርፎክስ ስናፕ በሚባል መንገድ የታሸገ ነው። ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ ለመክፈት ሲፈታ በአሮጌ ዲስክ ላይ የመጀመሪያው አከፋፈት ይረዝማል። ሞዚላ ራሱ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ለኡቡንቱ በተለመደው የዴብ ዓይነት ያቀርበዋል፤ ወንድምሽ ያንን ይቀይርልሽ። በተረፈ ታብ አታብዢ። ደንበኛ ፎርሙን ሞልቶ ሲጨርስ ታቡን ዝጊ፤ ፌስቡክም ሆነ ዩቲዩብ ከሥር ተከፍቶ እንዳይውል። ዩቲዩብ የሚልከው የቪዲዮ ዓይነት ለያንቺ ማሽን የግራፊክስ ካርድ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ሙዚቃ ከፈለግሽ ስልክሽ ይጫወት።

ሌላው ዚራም የሚባለው ነው። ራም ሲሞላ ወደ ዲስክ ከመሸሽ ይልቅ ያንኑ መረጃ እዚያው ራም ውስጥ አምቆ ያስቀምጣል። ፕሮሰሰሩ ለማመቅ ትንሽ ይደክማል፤ ግን ዲስክ ከመመላለስ ጋር ሲተያይ እዳው ገብስ ነው። 2 ጊጋ ራም ላለው ሰው ካወቅኋቸው ነጻ መፍትሔዎች ጠቃሚው ይህ ነው። ወንድምሽ ስሙን ሲሰማ ያውቀዋል። በኢንተርኔት ላይ ደግሞ «ሊኑክስን የሚያፈጥኑ ሃምሳ ትእዛዞች» የሚል ዓይነት ነገር ብታገኙ አትንኩት። የእንጀራ መሣሪያ ነው፤ የማይገባችሁን ቅንብር ስትነካኩ ነው የደህናውም ሥራ የሚቆመው።

ደብዳቤ የምትተይቢበትን ሊብሬ ኦፊስንም አትርሺ። ሳይጠየቅ በየ10 ደቂቃው ነው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው፤ በቅንብሩ ውስጥ ወደ 3 ደቂቃ አውርጂው።

እነዚህን አድርገሽ አንድ ሳምንት ሥሪበት። ደብዳቤና ፎርም አንድ ላይ ከሄደልሽ እቁብሽን አትንኪ። ካልበቃሽ፣ ወይም በቅቶሽም ጠዋት ጠዋት የሚነሳበት ጊዜ ካስመረረሽ፣ ከገንዘቡ ጥቂቱን ለሁለት ዕቃ አውጪ።

የመጀመሪያው ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ነው። የሚሽከረከር ብረት የለውም፤ የሃርድ ዲስኩ መርፌ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ የሚፈጅበትን ፍለጋ ይህ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይጨርሰዋል። 120 ጊጋው ለሲስተሙና ለፕሮግራሞቹ ይበቃሻል። ሳታ የሚባለው ባለ 2.5 ኢንች ይሁን፣ ያንቺ ማሽን የሚቀበለው እሱን ነው። ኤምዶት ቱ የሚባለውን ቀጭን ካርድ ቢያሳዩሽ አትግዢ፣ የሚሰካበት የለሽም። ደግሞ አሮጌውን ዲስክ አትጣዪ። ዴስክቶፕ ስለሆነ ሁለቱም አብረው ሊገቡ ይችላሉ። አዲሱ ላይ ኤክስኤፍሲኢን ይዞ የሚመጣውን ቀለል ያለ ኡቡንቱ፣ ዙቡንቱን፣ ወይም ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን እንደ አዲስ ትጭናላችሁ፣ አሮጌው ዲስክ ከነኡቡንቱው ሳይነካ ይቀመጣል። ፕሪንተሩ በአዲሱ ላይ እምቢ ቢል እስኪስተካከል ድረስ በአሮጌው ተነስተሽ ትሠሪያለሽ። ሱቅ ሳይዘጋ ለመሸጋገር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ነባሩ ዲስክ ደህና ከሆነ የፋይል ማከማቻ ሆኖ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ራም ነው። ሳጥኑን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ክፈቱና ያለውን ራም አውጥታችሁ የተለጠፈበትን ወረቀት አንብቡ። «ፒሲ 2» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ዲዲአር 2 ነው፣ «ፒሲ 3» ከሆነ ዲዲአር 3። መሰኪያው ላይ ያለው ጎድጎድ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው አይገባም፤ በግድ ከተጫኑት ቦርዱ ይሰበራል። የላፕቶፑ አጭር ስለሆነ እሱም አይሆንም። ስለዚህ ራሙን ራሱን ወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሄርማታ በኩል ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች «ይህን የሚመስል» ብላችሁ ጠይቁ። ከተበላሸ ማሽን የወጣ ያገለገለ ራምም ይሆናል፣ ግን እዚያው አስሰክታችሁ አስነስታችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ። 4 ጊጋ ብትደርሺ ያቺ የፊት መብራት ብልጭ ድርግም ወደ ማለቷ ትመለሳለች።

ሳጥኑን ከፈታችሁት አይቀር የፎቶ ኮፒውም ዱቄት የመንገዱም አቧራ ማራገቢያው ላይ ተጋግሮ ይሆናልና፣ ውጭ አውጥታችሁ ለስላሳ ብሩሽ አስነኩት፤ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነም ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ፣ ሲአር 2032 ትባላለች፣ የትም አለች። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም፤ ሰው ይህንንም ከዝግመቱ ይቆጥረዋል።

የአክስትሽን ምክር ብትወስጂስ? ላፕቶፕ መግዛት መጥፎ አይደለም፤ ለሱቅ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ፣ ዕቃው በቀላሉ የሚቀየር ዴስክቶፕ ይሻላል ባይ ነኝ። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ አንቺ ወደፊት የምትፈልጊው ሥራ የትኛው ነው? የደብዳቤና የፎርም ሥራ ከሆነ ይህ ማሽን ከላይ በጻፍኩት መንገድ ገና ያገለግልሻል፣ እቁብሽም ከለር ፕሪንተሩን ይገዛል። የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ የፎቶ ሥራ ልጀምር ብለሽ ካሰብሽ ግን ኮር ቱ ዱዮ አቅሙ አይደለም፤ ኤስኤስዲም ራምም ቢጨመርለት ፕሮሰሰሩ ያው ነው። ያን ጊዜ ከኮር አይ 5 ዓይነቱ ያገለገለ ዴስክቶፕ ፈልጊ፤ ኤስኤስዲውን አውጥተሽ ወደ እሱ ታሻግሪዋለሽ። ከለር ፕሪንተሩን ስትገዢም ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) እንዳለው ሳታረጋግጪ ብር አትቁጠሪ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ታናሽሽ ሱቅ የሚመጣው መቼ ነው? እንደ ጻፍሽው ጓደኞቹን ይዞ ነው፤ ያ ደግሞ ሥራ ሲቀልል ይመስለኛል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ብቻ ነው የተከፈተበት፤ ደህና ይሠራል። እሱ የሚያየው ኮምፒውተርና አንቺ ሰኞ ጠዋት ወረፋ ፊት የምታዪው ኮምፒውተር አንድ አይደሉም። «አሪፍ ነው» ስትዪው ደግሞ የሚያምንሽ ስለሆነ ያምንሻል። ይህ ልጅ ችግሩን ደብቆሽ አይደለም፣ አይቶት አያውቅም።

የሠራልሽም ሥራ ከንቱ አይደለም። ቫይረሱን ገላግሎሻል፣ በሕጋዊና በነጻ ሶፍትዌር እንድትሠሪ አድርጎሻል። የቀረው ለማሽኑ አቅም የሚመጥን ገጽታ መምረጥ ነው፤ ያ ደግሞ ኡቡንቱን እንደወረደ የጫነ ማንኛውም ሰው የሚገጥመው ነገር ነው። ይህን ከልብሽ ካመንሽበት ስትነግሪው ድምፅሽ ራሱ ወቀሳ አይኖረውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የሠራው ነገር በአዘቦት ቀን እየደረቀ መሆኑን ከአንቺ አፍ ቢሰማ ይከፋዋል ወይስ አንድ ቀን መጥቶ ዊንዶውስ ተጭኖ ቢያገኘው? መልሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ እህቱ ነሽ። እኔ ግን ሁለተኛው የሚረሳ አይመስለኝም። የሚከተለው «ለምን አልነገርሽኝም?» የሚለው ነው፤ ያን ጊዜ የምትመልሺው ይጠፋሻል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ እናትሽ ወይም ሌላ ሰው ባለበት፣ ወይም ጓደኞቹ ፊት አታንሺው። ብቻችሁን ስትሆኑ እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «ወንድሜ፣ ያን የቫይረስ ጣጣ ካስወገድክልኝ ወዲህ ሰው ፊት አፍሬ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ደብዳቤና ፋየርፎክስ አንድ ላይ ስከፍት ራሙ ይሞላል፣ እየጻፍኩት ነው፣ ተመልከተው። ትምህርት በሌለህ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከጎኔ ተቀመጥልኝ። ደንበኛ ባለበት ሰዓት እንድታየው ነው የምፈልገው።» ያቺን ቁጥሮች የጻፍሽባትን ወረቀት ስጪው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ነው የሚመስለኝ፤ ከቅሬታ ይልቅ የሚፈታ ጥያቄ ነው የሚሆንለት። «አሪፍ ነው» እያልሽ የቆየሽበትንም አትሸሽጊ፤ «ቅስምህን እንዳልሰብር ፈርቼ ነው» በዪው። ቅር ቢለውም ለአንድ ቀን ነው።

ጎረቤትሽንም አመስግነሽ «ወንድሜ እያየው ነው» ብትዪው ይበቃል። እንዲያውም ራሙንና ኤስኤስዲውን ሲሰካ ጠርተሽ ሥራውን ብትሰጪው ሳይቀየም ገቢም ያገኛል።

ለፎርም ሞይዎች ደግሞ እስኪስተካከል ድረስ የምትይዢው ነገር አለ። ፎርም ያለው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የተየብሽውን አስቀምጠሽ ሊብሬ ኦፊስን ዝጊ፣ ከዚያ ፋየርፎክስን ለብቻው ክፈቺ። ለሰውየውም «ሁለት ደቂቃ ይታገሱኝ፣ ፎርምዎ እንዳይቋረጥ ሌላውን ልዝጋ» በዪው። ሰው ምክንያቱን ሲሰማ ይታገሣል። ያቺ ተማሪም ካገኘሻት ጥሪያት፤ ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ፈረንጅ አራዳ ላይ ሰው ይገናኛል።

ቁጥሮቹን ጽፈሽ ስትጨርሺ ለእኔም ላኪልኝ፦ ምንም ሳይከፈት ሜሞሪው ስንት፣ ስታክ ሲያደርግ ስዋፑ ስንት፣ ዲስክስ ላይ የሁለቱ ሴክተሮች ቁጥር ስንት፣ ራሙ ላይ የተለጠፈው ፒሲ 2 ይሁን ፒሲ 3። በእነዚህ ነው ኤስኤስዲውን ማስቀደም ይሻል ወይስ ራሙን የምነግርሽ። የምገምተው ራሙን ነው፤ ዲዲአር 2 ሆኖ ገበያ ላይ ከጠፋ ግን ኤስኤስዲውን እናስቀድማለን።